ጋሸና ላይ ያስጠፋኋቸው ስሞች

ሰሞኑን ከአዲስ አበባ አንዲት የገጽ ቅንብር ባለሙያ መልእክት ላከችልኝ። ድሮ የጻፍኩት መጽሐፍ ለሁለተኛ ጊዜ ሊታተም ነው። መልእክቷ አጭር ናት። «ጋሼ፣ ጽሑፉን ጥሬውን ይላኩልኝ። ደማቅ ፊደል፣ ሰንጠረዥ፣ ጌጥ ምናምን አይኑረው። የግርጌ ማስታወሻ ካለው ቁጥሩን እዚያው ጽሑፉ ውስጥ፣ ማስታወሻውን ደግሞ በሌላ ፋይል።» ልጅቱ ምንም ክፉ አልተናገረችም፤ ሥራዋን ነው የምትሠራው። እኔ ግን «ካለው» የምትለው ቃል ላይ ስደርስ ስልኩን በፊቱ ደፋሁትና ተነሥቼ መስኮት ከፈትኩ። ነበረው። ሁለት መቶ የሚጠጋ የግርጌ ማስታወሻ ነበረው። እያንዳንዱ ማስታወሻ የአንድ ሰው ስምና መንደር ነበር። አንዱም አልታተመም።

«ኮምፒውተሩ በላው።» ሃያ ዓመት ያህል ለጠየቀኝ ሁሉ የመለስኩት ይህንን ነው። ጥሩ ውሸት ነው፤ የሚመረምረው የለም። በላስታ አንድ በግ ጅብ በላው ቢባል እንኳ ወጥቶ ዱካውን የሚያይ ሰው አይጠፋም። ኮምፒውተር በላው ከተባለ ግን ሰሚው ራሱን ነቅንቆ «እኔንም እንዲሁ አድርጎኛል» ይልና የራሱን ሐዘን ይጀምራል። ከዚህ የባሰም አለ። በእነዚያ ዓመታት ውስጥ ሥራዬ ብዬ የያዝኩት የሌሎችን መጽሐፍ መንቀፍ ነበር። «ከአባቶች እንደሰማነው» ብሎ የሚጽፈውን ሁሉ፣ «አባቶቹ ስም የላቸውም ወይ?» ብዬ በጋዜጣ ላይ ልብሱን ገፍፌ አስቁሜዋለሁ። አንባቢ አጨበጨበልኝ። እኔም ጭብጨባውን ሰምቼ እንቅልፍ ተኛሁ። የሚገርመኝ መተኛቴ ነው።

ያን ጊዜ ሠላሳ ያልሞላኝ የላሊበላ መምህር ነበርኩ። ከወልድያ ገበያ የገዛሁት ቡናማ ኮት ነበረኝ፤ ክርኑ ላይ የተጣፈ፣ የውስጥ ኪሱ ግን በዚፕ የሚዘጋ። ስለ ዚፑ እኮራ ነበር። ከተማው ዛሬ እንደሚታየው በየኮረብታው ላይ ሆቴል አልተዘራበትም ነበር። ወደ ቅዳሜ ገበያ በሚወርደው መንገድ ዳር አንድ ካሴት ቤት ነበር፤ ጠዋት የጀመረውን የአምባሰል ዘፈን ካሴቱን እየገለበጠ እስከ ማታ ያዘልቀዋል፤ ስለዚህ የመንደሩ ሰው ሰዓት የሚያውቀው ዘፈኑ ስንተኛ ጊዜ እንደመጣ ቆጥሮ ነው። ከካሴት ቤቱ አጠገብ የጽሕፈት ቤት ተከፈተ፤ ሁለት ኮምፒውተር፣ አንድ ማተሚያ፣ ከአቧራ የሚከልል የዳንቴል ልብስ። አንድ ገጽ ማስጻፍ ሁለት ብር ነው። ሻይ ሃምሳ ሳንቲም በነበረበት ጊዜ ሁለት ብር ለአንድ ገጽ መስጠት አልወደድኩም፤ እኔው ራሴ መጻፍ ተማርኩ። በሁለት ጣት። አሁንም በሁለት ጣት ነው፤ ዛሬ የሚጽፈው ግን አንዱ ብቻ ይመስለኛል፤ ሌላው ያፍራል።

የምጽፈው መጽሐፍ ስለ ላስታ ነበር፤ የደጋው ሰው ስለ ዓለቱ፣ ስለ ገብሱ፣ ስለ ውርጩ፣ ስለ ቀብር የሚለውን። ፈረንጅ ስለ አብያተ ክርስቲያናቱ ብዙ ጽፏል፤ ከአጥሩ ውጭ ያለውን ሰው ግን የጠየቀው የለም ብዬ ተነሣሁ። የመራኝ መሪጌታ ጤናው ናቸው። ወደ ሙጃ አቅጣጫ ባለው ደጋ፣ ከከተማ የግማሽ ቀን የእግር መንገድ ላይ ይኖሩ ነበር። ገብስ ያርሳሉ፣ ዳዊት ያስደግማሉ፣ ብራና ይጽፋሉ። ቤታቸው ስገባ ሁልጊዜ መጀመሪያ የማየው መሬት ላይ የተተከሉትን ሁለት የቀለም ቀንዶች ነው፤ አንዱ ጥቁር፣ አንዱ ቀይ። «በግራህ እለፍ፣ እንዳትረግጣት» ይሉኛል፤ ቀዩን ነው የሚሉት። ጥቁሩን በቤታቸው ያዘጋጁታል፤ ቀዩ ግን ከገበያ የሚመጣ ስለሆነ በጠብታ ነው የሚቆጥሩት።

የብራና ጸሐፊዎችን ልማድ ያየሁት እዚያ ነው። ጸሐፊው ጥቁሩን ቃል እየጻፈ ይሄድና የቅዱስ ስም የሚገባበት ቦታ ሲደርስ የስሙን ያህል ባዶ ይተዋል። ጥራዙ ሲያልቅ መቃ ብዕሩን ይለውጥና በቀይ ቀለም ባዶዎቹን አንድ በአንድ ይሞላል። ይኸ ታዲያ አደጋ አለው። ጸሐፊው በመካከል ቢታመም፣ ቀዩ ቀለም ቢያልቅ፣ መጽሐፉ ከነባዶው ይቀራል። መሪጌታ እንዲህ ያለ መጽሐፍ አሳይተውኛል፤ ጥቁሩ ቃል እየሮጠ ይመጣና ስም ጋ ሲደርስ ቆዳው ባዶ ነው።

አንድ ቀን ደግሞ አንድ አሮጌ ዳዊት አውጥተው መጨረሻው ገጽ ላይ ጣቴን አስቀመጡት።

«ዳብሰው።»

«ሻካራ ነው፣ መሪጌታ።»

«የሰው ስም ነው የዳበስከው። ያስጻፈው ሰው ስም ነበር። ኋላ የያዘው በምላጭ ፋቀና የራሱን ጻፈበት።»

«የመጀመሪያው ማን ነበር?»

«እሱን እግዜር ይወቅ። የሌባው ስም ግን ይኸውልህ፣ በመልካም ፊደል።» ሳቁ። ልጃቸው የሺ ከምድጃው አጠገብ ሆና አብራ ሳቀች። እኔም ሳቅኩ። ያን ጊዜ የምስቀው በሌባው ነበር።

ለመጽሐፉ የሚያስፈልገኝን ሁሉ ከቤት ቤት እያዞሩ ያገናኙኝ እሳቸው ናቸው። አንዲት ሸክላ ሠሪ፣ አንድ ቀባሪ፣ ሁለት ወንድማማች ገበሬዎች፣ ውርጭ የሚወርድበትን ሌሊት በጉልበቷ የምታውቅ አሮጊት። ከየቤቱ ስንወጣ መንገድ ላይ ያስቆሙኛል። «የነገረችህ ማን ናት?» ስሟን እናገራለሁ። «የየት አገር?» እናገራለሁ። «ጻፈው» ይላሉ። ካልጻፍኩ አንራመድም። የራሳቸውንም ቃል ጽፌ፣ የራሳቸውን ስም አስከትያለሁ። ከተናገሩት ሁሉ አንዱ ሳልጽፈውም የማይጠፋኝ ነበር። ከላሊበላ ቁልቁል ስንወርድ የቱሪስቶቹን ሰልፍ አዩና እንዲህ አሉ፦ «ቤተ ክርስቲያኑን ያላየ የለም፤ ተፈልፍሎ የወጣው ድንጋይ የት ደረሰ ብሎ የጠየቀ ግን አላየሁም።» ደብተሬን አወጣሁ። «ይሄንንም ትጽፈዋለህ?» አሉኝ። «ማን አለው ብዬ ልጻፍ?» ብዬ ቀለድኩ። «እስከዚያ ድረስማ አንጣላም» አሉ።

ኮምፒውተሩ ላይ ስጽፈው እንግዲህ የጸሐፊዎቹን ልማድ ተከተልኩ። ከሞኝነት ይሁን ከትዕቢት አላውቅም። ቃሉን በሙሉ ጻፍኩ፤ ስም የሚገባበት ጋ በማዕዘን ቅንፍ ቁጥር ብቻ እያስቀመጥኩ አለፍኩ። ስሞቹን በመጨረሻ እሞላለሁ፣ እንደ ቀዩ ቀለም። አዲስ አበባ ሆኖ ገጹን የሚያቀናብርልኝ ሳምሶን የሚባል ወጣት ነበር። ይህንን ስነግረው በጣም ደስ አለው። በዚያ ዘመን ባጌጠ ገጽ የተላከ ጽሑፍ ሌላ ማሽን ላይ ሲከፈት ሥዕሉ ወዲያ፣ ፊደሉ ወዲህ ይሆናል። ስለዚህ ጥሬውን ነው የሚፈልገው። ጽሑፍ ደግሞ ጥሬ ሲደረግ ከግርጌው ያለው ማስታወሻ ሁሉ ይረግፋል፤ ቁጥሩን በእጅህ ካልጻፍክና ማስታወሻውን በሌላ ፋይል ካላስቀመጥክ ዱካው አይገኝም። «ጋሼ፣ እርስዎ ሳይማሩ ነው ያወቁት» አለኝ። ሳልማር አልነበረም፤ ያስተማረኝን ሰው ስም ግን ያን ጊዜም አልነገርኩትም። መጀመሪያ የሰረቅኩት ያን ቀን ሳይሆን አይቀርም።

ዋናውን ፋይል አስቀድሜ ላክሁለት። የስሞቹን ፋይል በፍሎፒ ዲስክ ገልብጬ፣ ባለ ዚፑ ኪሴ ውስጥ ቆልፌ፣ እጄ ላይ ካልሆነ አላምንም ብዬ ራሴ ይዤው ተነሣሁ። ጋሸና ላይ ወረድን። ጋሸናን የሚያውቅ ያውቀዋል፤ ከወልድያ የሚመጣው መንገድ ወደ ላሊበላ የሚታጠፍበት፣ ነፋሱ ኮት የማያውቅ፣ ሰው ሁሉ የሌላ አገር መኪና የሚጠብቅበት ነው። የወልድያው አውቶቡስ እስኪመጣ ጥብስ ቤት ገባሁ። ባለቤቷ በደቂቃ የሚከፈልበት ስልክ ነበራት፤ ጥብሱ ሲንጫጫ «ጮክ ይበሉ» ትላለች፣ ዝም ሲል «ቀስ ይበሉ፣ ሰው አለ» ትላለች። ሳምሶን ጋ ደወልኩ።

«ሳምሶን፣ መንገድ ላይ ነኝ። ስሞቹን ይዤልሃለሁ።»

«ጋሼ፣ ገጹ አለቀ እኮ። ማተሚያ ቤቱ ተራችሁ ነገ ነው ብሎኛል።»

«ማስታወሻዎቹስ?»

«እነሱ ከገቡ ገጹ በሙሉ ይንሸራተታል፤ ከአንድ መጀመር ነው። ተራው ያልፈናል፤ ወር፣ ሁለት ወር ይቆያል እንጂ ይሠራል።»

«እንጂ ይሠራል» ማለቱን አልረሳሁም። በዚህ መጣጥፍ ውስጥ ከምናገረው ሁሉ ይህን እርግጠኛ ሆኜ ነው የምናገረው።

«ቁጥሮቹን ደብቄ አየሁት» አለ ሳምሶን ቀጥሎ። «ገጹ እንዴት እንዳማረ! አንድ ላንብብልዎት?» አነበበልኝ። የድንጋዩን ዓረፍተ ነገር ነው። በስልኩ ውስጥ፣ ከጥብሱ ጩኸት በላይ፣ ያለ ቁጥር፣ ያለ ቅንፍ፣ አንድ ወጥ ሆኖ መጣ። «ይቺን እርስዎ ነዎት ያሏት? እናቴ ትሙት ጋሼ፣ እኔ ብሆን ይቺን ጽፌ ብዕሬን እሰቅል ነበር።»

 ዝም ያልኩት ምን ያህል እንደሆነ የስልኩ ቆጣሪ ያውቃል። ቁጥሮቹን ሳልወዳቸው ኖሬያለሁ፤ እውነት ለመናገር ገጹ ላይ የቁንጫ ንክሻ ነበር የሚመስሉኝ። ያለ እነሱ ሲነበብ ደግሞ ድምፁ የኔ ሆነ። የኔ ባይሆንም የኔ ይመስል ነበር፤ መምሰሉ በቃኝ።

«ጋሼ? መስመሩ ተቋረጠ እንዴ? ቁጥሮቹን ላጥፋቸው?»

«አጥፋቸው» አልኩት።

ሒሳቤን ከፍዬ ወጣሁ። ፍሎፒው ኪሴ ውስጥ ነበር። ዚፑ ተዘግቷል። አዲስ አበባ መሄድ እንደማያስፈልገኝ የገባኝ ከመንገዱ ማዶ ቆሜ ነው፤ ወደ ላሊበላ በሚመለሰው መኪና ተሳፍሬ ቤቴ ገባሁ። ለባልደረቦቼ መኪና አጣሁ አልኳቸው። ምላስ አንዴ መንገድ ከተከፈተለት በኋላ ውሸት በቀላሉ ይመጣል።

መጽሐፉ ወጣ፤ ተወደደም። የተወደደው ለምን እንደሆነ አልደብቅም። «የደራሲው የገዛ ድምፅ» ተባለ። «እንደ ሌሎቹ በቁጥርና በማስረጃ ያልተጨናነቀ» ተባለ። የድንጋዩ ዓረፍተ ነገር እግር አወጣ፤ በምርቃት ንግግር፣ በሰርግ፣ በስብሰባ መክፈቻ፣ አንድ ጊዜ ደግሞ በአንድ የጭነት መኪና የኋላ መዝጊያ ላይ አየሁት። «ደራሲው እንዳሉት» ይላሉ። እኔ ደግሞ ፊቴን ዝቅ አደርጋለሁ፤ ሰው ትሕትና ይመስለዋል።

ለመሪጌታ አንድ ቅጂ ይዤላቸው ወጣሁ። ባልሄድ ይሻለኝ ነበር፤ ግን ምስጋና ፈለግሁ። መነጽራቸውን አድርገው ብዙ ገጽ ገለጡ። የሺ የገብስ ቆሎ አቀረበች።

«ስሞቹስ?» አሉ።

«ኮምፒውተሩ በላቸው፣ መሪጌታ። ወደ ማተሚያ ቤት ሲሄድ።»

አውራ ጣታቸውን በገጹ ላይ ከላይ እስከ ታች ጎተቱት። «ጠባሳ የለውም» አሉ።

«ወረቀት ነው እኮ። የማሽን ነገር ነው።»

«ምላጩን ማን ያዘው፣ ልጄ?»

«ማንም አልያዘም፣ መሪጌታ። እንዲሁ ነው የሚጠፋው።»

«እህ» አሉ። ስለ ገብሱ፣ ስለ ዘንድሮው በረዶ ማውራት ጀመሩ። ስወጣ እንደ ወትሮው እስከ ደጅ ሸኙኝ። ከዚያ በኋላ ያን ደጅ አልረገጥኩም። ወደ ደሴ ተዛወርኩ፤ ሥራ በዛ አልኩ፤ መንገዱ ተበላሸ አልኩ፤ ኋላም በእውነት የተበላሸበት ዘመን መጣ። መሪጌታ ያረፉት በዚህ መካከል ነው። የሰማሁት አርባቸው ካለፈ በኋላ ነው።

የአዲስ አበባዋ ልጅ መልእክት ከመጣ በኋላ ፍሎፒውን ፈለግሁት። ቡናማው ኮት ከእኔ ጋር ቤት ለቤት ዞሯል፤ ልብሱን ብል በልቶታል፣ ዚፑ ግን አሁንም ይሠራል። ፍሎፒው እዚያው ነበር። ደሴ ውስጥ ኮምፒውተር የሚጠግን ጎረምሳ ጋ ወሰድኩት። አገላብጦ አየው፣ ብረቷን በጥፍሩ ገፋት፤ ከውስጥ ሻጋታ አውጥቷል። «ፋዘር፣ ይሄ እኮ ሞቷል። ቢድንም የሚያስገባው ማሽን የለም» አለኝ። ያኔ እንግዲህ ስሞቹን በእውነት አጣኋቸው። ስም የጻፍኩባቸው ደብተሮችም ከቤት ቤት ስዞር ጠፍተዋል፤ በራሴ ትዝታ ብጀምር ሃያ አልሞላም። የሸክላ ሠሪዋ ስም እንኳ ጠፋኝ፤ እጆቿ ብቻ ናቸው የመጡልኝ። ሁለተኛው እትም እንደ መጀመሪያው ከወጣ ደግሞ እነዚያ ሰዎች ከእንግዲህ ምንም መመለሻ የላቸውም። አብዛኞቹ ሞተዋል። እኔም እሞታለሁ፣ መጽሐፉ ይቀራል፣ ቃላቸው በመልካም ፊደል የኔ ሆኖ።

ስሞቹን ከእኔ ሌላ የሚያውቅ ቤት አንድ ብቻ ነበር፤ ላሊበላ ሄድኩ። የሺ አሁን ወደ ቅዳሜ ገበያ በሚወርደው መንገድ ላይ ጧፍ፣ መቁጠሪያና የተማሪ ደብተር ትሸጣለች፤ የድሮው ካሴት ቤት ከነበረበት ሦስት ደጅ ዝቅ ብሎ። ጸጉሯ ሸብቷል። አየችኝና ጧፍ መጠቅለሏን ሳታቆም፣

«አያ ደምሴ፣ ከሩቅ ነው የመጡት ወይስ ጠፍተው ነው?» አለችኝ።

«ሁለቱንም ነው። የሺ፣ ያን መጽሐፍ አባትሽ አቆይተውት ይሆን?»

መለሰችልኝ አልልም። ወንበር አቀረበችልኝና ወደ ጓዳ ገባች። በላስቲክና በአሮጌ ነጠላ የተጠቀለለ ነገር ይዛ ወጣች። «በጦርነቱ መብራቱም ስልኩም የጠፋ ጊዜ፣ ሰው እቃውን ሲያሸሽ እኔ ይሄን ከጧፎቹ ሥር ቀበርኩት» አለች። ገለጥኩት። ከገጽ ገጽ፣ ከግርጌው፣ በቀይ ቀለም፣ በመቃ ብዕር፣ ስም። ስምና መንደር። የሸክላ ሠሪዋ ስም። የወንድማማቾቹ ስም፣ ታላቁ ከታናሹ ቀድሞ። ከቤት ቤት የመሩኝ እሳቸው ስለሆኑ ማን ምን እንዳለ አንዱም አልጠፋቸውም።

«እርስዎ ሰጥተውት በሄዱ በሳምንቱ ቀዩን በጠበጠው» አለች የሺ። «ጾሙን በሙሉ ይሄን ሲጽፍ ነበር። ለዳዊት ያስቀመጠው ቀለም ነው ያለቀው። እናቴ ተቆጥታው ነበር።»

«ደሴ ወስጄ ልገልብጠው። በሳምንት እመልስልሻለሁ።»

ጧፉን አስቀመጠች። «አይሆንም፣ አያ ደምሴ። እዚሁ ተቀምጠው ይገልብጡ።»

«አታምኚኝም?»

«ወንበሩ ይመቻል» አለች።

ሦስት ቀን ተቀመጥኩ። ላፕቶፔን ከደብተሮቹ ክምር ላይ አስደግፌ፣ በሁለት ጣቴ። ጧፍ ሊገዛ የመጣው ሁሉ ያየኛል። አንድ ሽማግሌ ቄስ ቆም ብለው፣ «ይኼ ሰውዬ ምን በድሎ ነው?» አሏት። «ድጓ እየገለበጠ ነው» አለቻቸው፤ እየሳቁ ሄዱ። በዚህኛው ጊዜ ስሞቹን በሌላ ፋይል አላስቀመጥኩም። እያንዳንዱን ስም ከዓረፍተ ነገሩ ጋር፣ እዚያው መስመር ላይ፣ በቅንፍ ውስጥ አሰርኩት። ስሙን የሚያስቀር ሰው ቃሉንም አብሮ እንዲያስቀር።

በሦስተኛው ቀን የድንጋዩ ዓረፍተ ነገር ጋ ደረስኩ። ከግርጌው ሁለት ቀይ ነጥቦች ነበሩ፤ በመካከላቸው የአንድ ስም ያህል ባዶ።

«ይሄን ለምን ተዉት?» አልኳት።

«እኔም ጠይቄዋለሁ። ‹የኔን እሱ ይሙላው› አለኝ። ‹ፈቃዱ ከሆነ።›»

 ገበያተኛው ገብቶ ወጣ። ከዚያ ስለ ጋሸና ነገርኳት፤ ስለ ጥብስ ቤቱ፣ ስለ ሳምሶን፣ «እንጂ ይሠራል» ስላለው፣ «አጥፋቸው» ስላልኩት። የሺ አልተቆጣችም፤ ብትቆጣ ይቀለኝ ነበር። እስክጨርስ ጧፎቿን በአሥር በአሥር አሰረች።

«አባቴ ሞኝ መሰለዎት?» አለች በመጨረሻ። ከመደርደሪያው አንድ ቀይ እስክሪብቶ አወጣች፤ ለተማሪ የምትሸጠው ዓይነት። «ይኸውልዎ። መቃውማ አብሮት ተቀበረ።»

በነጥቦቹ መካከል ስማቸውን ጻፍኩ። ፊደሉ ተጣመመ። ስሙ ግን ልክ ገባ፤ የተዉት ቦታ ለስማቸው የተለካ ነበር። መጽሐፉን ዳግም በነጠላው ጠቅልላ ወደ ጓዳ መለሰችው። አላመሰገነችኝም።

ፋይሉን ከላሊበላ ላክሁት። ለዚያ ዓረፍተ ነገር ያስቀመጥኩት ማስታወሻ እንዲህ ይላል፦ «መሪጌታ ጤናው እንደነገሩኝ። በመጀመሪያው እትም የሳቸውንም የሌሎቹንም ስም ያስጠፋሁት እኔ ነኝ፤ ኮምፒውተሩ አይደለም።» በማግሥቱ ስመለስ ጋሸና ላይ ወረድን። ጥብስ ቤቱ አሁን ሌላ ስም አለው፤ ባለቤቷም ሌላ ናት፤ በደቂቃ የሚከፈልበት ስልክ የለም። ነፋሱ ያው ነው። የአዲስ አበባዋ ልጅ መልእክት የደረሰኝ እዚያው፣ ሻይ ይዤ ቆሜ ሳለ ነው። «ጋሼ፣ ደርሶኛል። ስሞቹን ከጽሑፉ ለይቼ ወደ ግርጌ ማውረዱ ሥራ ያበዛል እንጂ ይሠራል። አንድ ነገር ብቻ፦ የድንጋዩ ማስታወሻ ላይ ሁለተኛዋ ዓረፍተ ነገር ለራስዎ የጻፏት ትመስላለች፤ በስህተት ገብታ ነው? ላጥፋት?»

ወዲያው መለስኩላት ብል ደስ ባለኝ። አንድ ከባድ መኪና ከወልድያው መንገድ ወደ ላሊበላ ሊታጠፍ ሲል መንገዱ ጠበበውና ወደ ኋላ፣ ወደ ፊት፣ ወደ ኋላ እያለ ዞሮ እስኪያልቅ ድረስ አውራ ጣቴ ከስልኩ በላይ ቆማ ነበር። ሰበብ እንኳ መጥቶልኝ ነበር፤ ለአንባቢ አይጠቅምም የሚል፣ ጥሩ ሰበብ። መኪናው ሄደ። ሻዬም በረደ።

«ተያት» ብዬ ጻፍኩላት።